ወንፊት የያዘው መርዶ

የምነግራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ከቀትር ጀምሮ እስከ ማግስቱ ንጋት ያለውን ብቻ። መሀል ላይ ወደ ሌላ ወሬ ከገባሁባችሁ ታገሱኝ። ሰበብ ፈልጌ አይደለም፣ ሐኪም ያረጋገጠው ነገር ነው።

ይድነቃቸው እባላለሁ። ካምፓላ ያለ ሐበሻ ግን «ይድኔ ፍሪጅ» ካላላችሁት አያውቀኝም። ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ካሉት የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች የአንዱ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቆም የምጠራው እኔ ነኝ። እጄ አይታማም። የሚታማው ከአንገቴ በላይ ያለው ነው። የአንዱን ፍሪጅ ሆድ ዕቃ ዘርግፌ እየሠራሁ ሳለ የሌላው ድምፅ ጆሮዬን ይስበዋል፤ ተነስቼ እሱንም እከፍተዋለሁ። ከዚያ ካቻቪቴ ላመጣ እወጣና መንገድ ዳር ቆሜ ሮሌክስ ስበላ እገኛለሁ፤ ሮሌክስ እዚህ ሰዓት አይደለም፣ በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል ነው። ለምን እንደወጣሁ የሚያስታውሰኝ የምግብ ቤቱ እመቤት ጩኸት ነው። ገጥሜ ስጨርስ ደግሞ ሁልጊዜ ብሎን ይተርፈኛል። ኪሴ ውስጥ የማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ብሎኖች ይንኳኳሉ።

በልጅነቴ ያልተባልኩት የለም። እናቴ ቀልበ ቢስ ትለኝ ነበር፣ አስተማሪዎቼ ሰነፍ፣ የሰፈር ሰው ደግሞ ዓይን በልቶት ነው ይል ነበር። ጸበል ተጠምቄያለሁ፣ ተገርፌያለሁ፣ ተመክሬያለሁ። ምክሩን ሁሉ ከልቤ እቀበላለሁ፤ ከበሩ ሳልወጣ ይጠፋኛል። ሰው የሚወደውን አይረሳም ይላሉ። እኔ ሚስቴን ከሥራ ላመጣት ወጥቼ መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው ጄኔሬተር ስጠግን አምሽቼ አውቃለሁ። ሚስቴን ግን እወዳታለሁ።

ሰብለ ትባላለች። ካንሳንጋ ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ተከራይተን እንኖራለን፤ እሷ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። እዚያ ያረፈ አንድ ሐኪም ስለ እኔ ስታማርር ሰምቶ፣ ይህ ነገር ስም እንዳለው፣ ኤዲኤችዲ እንደሚባል፣ የልጆች ብቻ ሳይሆን የትልቅ ሰውም እንደሆነ ነገራት። ተመረመርኩ፣ መድኃኒት ጀመርኩ። ከመድኃኒቱ ጋር ደግሞ ቡኮቶ ሰፈር ወዳለች አንዲት አኩፔሽናል ቴራፒስት ላኩኝ። አኩፔሽን ሥራ ማለት ነውና ስሙን ስሰማ ሥራ የምታስቀጥር ሴት መስላኝ፣ «ሥራማ አለኝ» ብዬ ተኮሳትሬ ነበር የሄድኩት።

ናካቶ ትባላለች፣ እዚሁ ካምፓላ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ሥራዋ ሰው የዕለት ኑሮውን መኖር እንዲችል ማድረግ ነው፤ ቁልፍ ማስቀመጥ፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ በሰዓቱ መድረስ፣ ሌላው ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን ሁሉ። ቤታችን ድረስ መጥታ እንዴት እንደምገባና እንደምወጣ ቆማ አየች። በሩ አጠገብ ሚስማር አስመታችኝና ቁልፍህ ከዚህ ሌላ ቦታ የለውም አለችኝ። የፈታሁት ብሎን ሁሉ ሳህን ላይ እንዲቀመጥ፣ ሳህኑ ባዶ ሳይሆን ደግሞ ሌላ ፍሪጅ እንዳልነካ አዘዘችኝ። ነገሯ ሁሉ ሲጠቀለል አንድ ነው። ጭንቅላትህ የማይዘውን አትሟገተው፣ አውጥተህ ውጭ አስቀምጠው፣ ሚስማር ላይም ይሁን ሰው ላይ።

ሰው ያለችው ሰብለን ነው። በየቀኑ ከእራት በኋላ ሰብለ «ምን ቀረህ?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አራግፌ እነግራታለሁ። ያልተከፈለ መብራት፣ ያልደወልኩለት ሰው፣ ያስቀየመኝ ሰው፣ መንገድ ላይ ያየሁት ግመል የሚያክል ውሻ፣ ሁሉም ይወጣል። ሕጉ ምንም ነገር ማስቀረት አይቻልም ነው። መጀመሪያ ላይ ያሳፍረኝ ነበር። በኋላ ግን ከቀኑ ሁሉ የምወደው ሰዓት ሆነ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለ ስጋት እተኛለሁ።

አሁን ስለ አባቷ ልንገራችሁና ወደ ቀኑ እገባለሁ። አባባ ኃይሌ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። ሰብለን ላገባ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ዘመዶቿ አጉረመረሙ፤ ልጁ ፈዛዛ ነው፣ ቤት አይመራም አሉ። አባባ ኃይሌ ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ቀልቡ ይበታተናል እንጂ ልቡ አይበታተንም፤ ሰጥቻለሁ» አሉ። እሑድ እሑድ በስልክ ከልጃቸው ጋር ሲጨርሱ «እስኪ ያንን አማቼን አቅርቢልኝ» ይላሉ። የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ «ዛሬስ ምን ጠፋህ?» የግራ ጫማዬ እላቸዋለሁ፣ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። በእኔ መርሳት የሚስቅ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ሲስቅ የማያሳፍረኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ልባቸውን ያማቸው ከጀመረ ቆይቷል። በዚያ ሰሞን ግን ተሽሏቸው ነበርና ሰብለ ለፋሲካ ልትጠይቃቸው ተሰናድታ ነበር።

ያን ቀን እትዬ ወርቅነሽ ምግብ ቤት፣ ካባላጋላ፣ ከትልቁ ፍሪጅ ጀርባ ወለል ላይ ተቀምጬ ኮምፕረሰር እየፈታሁ ነበር። እትዬ ወርቅነሽን እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሰው ሲወልድ፣ ሲታመም፣ ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። እኔን ወንፊት ብለው የሰየሙኝም እሳቸው ናቸው፤ የነገሩኝ ነገር ሁሉ ፈሶ ሌላ ቦታ ስለሚያገኙት። ስልካቸው ጮኸ። አነሱት፣ ትንሽ አዳመጡና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው ተለውጧል። እኔን ያያሉ፣ ወደ በሩ ያያሉ፣ መልሰው እኔን ያያሉ።

«ካቻቪቴህን አስቀምጥ» አሉኝ።

አስቀመጥኩ። ሳህኑ ላይ።

«የሰብለ ወንድም ነው የደወለው። ላንተ እንዳልነግርህ አደራ ብሎኝ ነበር። ግን እሷ ዘንድ ሰው መኖር አለበት፣ ካንተ በቀር ደግሞ ሌላ ሰው የላትም። አባባ ኃይሌ ዐርፈዋል።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ጀርባዬ ላይ የፍሪጁን ብረት ቅዝቃዜ ነው። ዛሬስ ምን ጠፋህ የሚለው ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ መጣ። ላለቅስ ስል እትዬ ወርቅነሽ ትከሻዬን ይዘው ከለከሉኝ፤ ዓይንህ ቀልቶ ልትገባባት ነው? አሉኝ።

ወጉን ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በቀትር አይነገርም፣ ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። ሊነጋጋ ሲል ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ስትጮኽ አብሯት የሚጮኽ ሰው ይዞ። እትዬ ወርቅነሽ ሰው አስተባብረው ጠዋት ሊመጡ ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ዘመድ ማንም እንዳይደውል ተነግሮታል። ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር ብሎ የሚለጥፍ ግን መቼም አይጠፋም፣ ስለዚህ ስልኳን መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው። ፊቴንም፣ አፌንም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አልችልም» አልኳቸው። «ያውቁኝ የለም? ሌላ ቦታ ልደር።»

«እንግዲያው ስልኳን ከፍታ ብቻዋን ታንብበው?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አሉኝ፣ ሆድ ይፍጀው አሉኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ። ዓይናቸው ግን እንዳላመነኝ አይቻለሁ። እኔም ራሴን አላመንኩትም። ፍሪጁን ገጥሜ፣ ጋዙን ሞልቼ፣ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በኋላ ላይ ነው የገባኝ እንጂ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ ያን ቀን አንድም ብሎን አልተረፈኝም።

ከሰዓት በኋላ ናካቶ ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ። ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይዤ ቡኮቶ ሄድኩ። የቦዳው ልጅ በመኪናዎቹ መሀል እየሹለከለከ ስለ ኳስ ያወራኛል፣ እኔ ከኋላው ሆኜ ከንፈሬን ነክሼ አለቅሳለሁ። ቤት ስገባ ማልቀስ ስለማልችል እዚያው ልጨርሰው ብዬ ነው። ደርሼ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለ ናካቶ ቁልፏን ይዛ መጣች፤ ዛሬ ቀድመኸኝ ደረስክ ብላ ሳቀች። ቀርባ ስታየኝ ሳቋን ተወችው።

ሁሉንም ነገርኳት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ለምን አሁኑኑ አትነግራትም የሚል ነበር፤ አባቷ እኮ ነው አለችኝ። ወጉን አስረዳኋት፤ ሐዘን ብቻን አይሰማም፣ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ሰው ሲኖር ይሻላል አልኳት። እሷም እኛ ዘንድ በሬዲዮ ነው የሚነገረው አለችኝ። እሷ ራሷ የአጎቷን ሞት የሰማችው ታክሲ ውስጥ ከማታውቃቸው ሰዎች መሀል ተቀምጣ ነበር። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም አለችኝ።

እኔ መላ እንድትሰጠኝ እየጠበቅኩ ነው። ለሁሉም ነገር መላ አላት። ለቁልፍ ሚስማር፣ ለብሎን ሳህን፣ ለቀጠሮ ደወል። ለዚህም አንድ ነገር አይጠፋትም ብዬ ዓይን ዓይኗን አያለሁ።

«እስከ ዛሬ ያስተማርኩህ ሁሉ ነገርን ከውስጥህ ማውጣት ነው» አለችኝ። «ውስጥህ ማስቀረት አላስተማርኩህም። ለዚህ የምሰጥህ የለኝም።»

እውነቷን ነበር። ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ሰብለ ታየዋለች፤ ስልኬ ላይ ደወል ብሞላ ሰብለ ትሰማዋለች። ነገር የማራግፍበት ሰው ቢኖረኝ ሰብለ ናት፣ የሚደበቀውም ከሰብለ ነው። ስወጣ ናካቶ በሩ ድረስ ሸኘችኝና እጆችህን ሥራ አታስፈታቸው አለችኝ። ይህንኑ ይዤ ወደ ካንሳንጋ ተመለስኩ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ስልኬን ዘጋሁት። ፊቴን በመዳፌ ጠረግሁና ገባሁ። ሰብለ ከሥራ ተመልሳ ወጥ ቤት ውስጥ ማቶኬ፣ እዚህ አገር የሚቀቀለውን አረንጓዴ ሙዝ፣ ከፊቷ አስቀምጣ ልትልጥ ስትል ደረስኩ። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ቁልፌን ሰቀልኩ፣ ደህና ዋልሽ አልኳት።

«ዳታ ሞልተህልኛል?» አለችኝ። ጠዋት አደራ ብላኝ ወጥታ ነበር። «ለአባዬ ልደውልለት። ቀኑን ሙሉ ትዝ ብሎኛል።»

የሰው ልጅ በስሙ የሚጠቀምበት ቀን አለው፤ የእኔ ስም ረሺ ነው።

«ረሳሁት» አልኳት።

አየችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቆጣለች። አሁን ግን ያንተን ስልክ ስጠኝ አለች። ባትሪው አልቆ ዘግቷል አልኩ። ቻርጀሩስ አለች፣ እትዬ ወርቅነሽ ቤት ቀርቷል አልኩ። ቻርጀሩ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ታፋዬን ይወጋኛል። እሺ ነገ እደውላለሁ አለችና ቢላዋውን አነሳች።

ቢላዋውን ተቀብያት እኔ ልላጥ አልኩ። ማቶኬ መላጥ ያየ ያውቀዋል፤ ልጣጩ ሙጫ ያወጣል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አሰልቺ ነው። ሁልጊዜ ጥቂት ልጬ ትቼው እሄዳለሁ። ያን ቀን አንድ በአንድ ላጥኩ። እሷ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስለ አባቷ ታወራለች፣ ልክ ሰው እንደነገራት። ልጅ ሳለች ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠና አባቷ የትምህርት ቤት ካልሲዋን በብብታቸው ውስጥ አሙቀው ያለብሷት እንደነበር ነገረችኝ። አሁን እግሩ ራሱ ይበርደዋል፣ ስሄድ ወፍራም ካልሲ ይዤለት እሄዳለሁ አለች። እኔ ማቶኬውን አያለሁ። አንዴ ቀና ብል አለቀልኝ።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሁለታችንም እጃችንን ዘረጋን። እሷ ቀደመችኝ። ጆሮዋ ላይ አድርጋ «አቤት» ስትል ቢላዋውን እንደጨበጥኩ ከንፈሯን አየሁ። የሥራ ባልደረባዋ ነበረች፣ የነገን ፈረቃ ቀይሪኝ ለማለት። ሰብለ እየሳቀች እሺ አለቻት። ነገ ሥራ እንደማትገባ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። የሚስቴን ነገ እኔ አውቄ እሷ አለማወቋ፣ ያን ያህል ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

እራት በላን። በረንዳው ላይ ወጥተን ተቀመጥን። ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነፍሰው ነፋስ ነበር፤ ታች ያለው ሱቅ በሩን እየዘጋ ነው። የምፈራው ሰዓት ደረሰ።

«ምን ቀረህ?» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ የተዘጋጀሁት ለዚህ ነበር። የመብራት ክፍያው አልኳት። ቧንቧው ይንጠባጠባል አልኳት። ናካቶ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች። የእትዬ ወርቅነሽ ፍሪጅ ተሠርቷል፣ ጋዝ ነበር ያለቀበት። አንድ በአንድ፣ በተርታ፣ ሳልዘል ተናገርኩ። ስጨርስ አንድ ትልቅ ነገር የተሸከምኩ ያህል ደረቴ ደክሞ ነበር።

ሰብለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መናገር ጀመረች።

«ዛሬ ስትገባ ቁልፉን ማንም ሳይነግርህ ሰቀልከው።»

«ናካቶ እኮ...»

«ማቶኬውን ልጠህ ጨረስክ። ስናገር አላቋረጥከኝም። አሁን ደግሞ የቀረህን በተርታ ነገርከኝ፤ አንድም ውሻ አላየህም። ዳታውን ስጠይቅህ ረሳሁት አልከኝ። አንተ ስትረሳ ረሳሁት ብለህ አታውቅም ይድኔ። የምን ዳታ? ነው የምትለው።»

ወደ እሷ መዞር አቃተኝ።

«አባዬ ነው?»

ያ ዕድሜ ልኩን ክፍት የነበረ አፌ አልከፈት አለ። የለም ልላት ፈለግሁ፣ አልወጣም። አዎ ማለት ደግሞ የእኔ ድርሻ አልነበረም። እጄ ላይ የማቶኬው ሙጫ ደርቆ ተጣብቆ ነበር፣ እሱን እፍቃለሁ። ካሁን አሁን ትጮኻለች ብዬ እጠብቃለሁ። መዳፏን አንስታ አፌ ላይ አደረገችው።

«አትንገረኝ» አለች። «ሰዎቹ ጠዋት ይመጣሉ አይደል? እነሱ ይንገሩኝ። እስከዚያ አልሰማሁም።»

ተነስታ ገባችና ሳህኖቹን አጠበች። ሁሉንም፣ ንጹሕ የነበሩትንም ጭምር። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የውሃውን ድምፅ እሰማለሁ። ላቅፋት ብሄድ መርዶ መንገር ይሆንብኛል፣ ብተዋት ብቻዋን መተው ነው። አልጋ ላይ ስንወጣ ክንዴን ያዘችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። አላለቀሰችም፣ አልተኛችምም። እኔም እንደዚያው። ሰው የሚወደውን ሰው ሊያደርግለት ከሚችለው ነገር ሁሉ ለእኔ የተፈቀደልኝ ዝም ብሎ መጋደም ብቻ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል የብዙ ሰው እግር ደረጃው ላይ ተሰማ፣ ቀስ እያለ፣ እየተንሾካሾከ። ሰብለ ቀድማ ተነስታ ቀሚሷን ለብሳ ሻሿን አስራ ነበር። በሩ ሲንኳኳ አንተ ክፈት አለችኝ። ከፈትኩ። እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶቹ። ሰብለ አየቻቸው። «አባዬ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ያን ሌሊት ሙሉ የተጠራቀመ ነበር። ወደቀች፣ ያዟት። እኔም ያን ጊዜ ነው ለአባባ ኃይሌ ድምፅ አውጥቼ ያለቀስኩት።

ቆየት ብሎ እትዬ ወርቅነሽ ወጥ ቤት ውስጥ አገኙኝና በሁለት እጃቸው ፊቴን ያዙ። ጎሽ የኔ ልጅ፣ ወንፊት ያልኩህን ማረኝ፣ ለካ ምሥጢር የሚይዝ ሆድ አለህ አሉኝ። እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም። በበሩ በኩል ሰብለ በሴቶቹ መሀል ተቀምጣ አየችኝ፤ ራሷን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነቀነቀች። እንዳትናገር ማለቷ ነው። ገበናዬን ከራሷ ሐዘን መሀል ሆና ሸፈነችልኝ። አሁን የምጽፈውም እሷ ፈቅዳልኝ ነው። እትዬ ካነበቡት ምስጋናቸውን መልሰው ይውሰዱት፣ አልቀየምም።

ይህን ታሪክ ለጥቂት ሰዎች አውርቼው፣ «አየህ፣ ስትፈልግ ትችላለህ ማለት ነው» ያላለኝ የለም። እናንተም እንደዚያ እንዳትሉ ብዬ ነው ይህን ያህል ያስረዘምኩት። መፈለግ አይደለም። የመጀመሪያው የለቅሶ ሰሞን አልፎ ሰው ሲቀንስ እኔም ወደ ነበርኩበት ተመለስኩ፤ ለቅሶ ደራሽ ተቀምጦ ሻይ ላመጣ ገብቼ የቧንቧውን ጎማ ስፈታ ተገኝቻለሁ። ናካቶን ለምን ያን ቀን ብቻ አልኳት። የአንዳንድ ሰው ቀልብ በድንጋጤ ይሰበሰባል፣ ላንተም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም አለችኝ፤ ግን በየቀኑ እየደነገጡ መኖር አይቻልም። እንግዲህ አስቡት፤ ሚስቴ ሙሉ ቀልቤን ያገኘችው አባቷ የሞቱ ቀን ብቻ ነው። ይህን ማስተካከል አልችልም። ቤታችሁ ውስጥ ቀልበ ቢስ የምትሉት ሰው ካለ፣ ብትወደኝ አትረሳም ነበር አትበሉት። የሚመልሰው የለውም።

የተቀየረብን ነገር ግን ሌላ ነው። ሕክምናው መሥራት ጀምሯል። ቀስ በቀስ፣ ከሳምንት ሳምንት፣ ቁልፌ ሚስማሩ ላይ መገኘት ጀመረ። እናንተ ደስ ይላችኋል፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ቁልፌን ሰቅዬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ያዘዘችኝን ዳቦ ይዤ ገባሁ። ሰብለ ከወጥ ቤት ወጣች። ሚስማሩን አየች፣ ዳቦውን አየች፣ እጇ ባለበት ቀረ።

«ማን ደወለ?» አለችኝ።

ማንም አልኳት። ማልኩ። አላመነችኝም፤ እናቷ ዘንድ ደውላ ድምፃቸውን እስክትሰማ ቁጭ ማለት አልቻለችም። እየተሻለኝ በሄደ ቁጥር ትፈራለች። ለናካቶ ነገርኳት። ለዚህም የምትሰጠኝ አልነበራትም።

ስለዚህ እኔ የራሴን መላ ፈጥሬያለሁ። ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ቁልፉን በሩ ላይ እንደተሰካ ትቼው ገባሁና ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ሰብለ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አየችው።

«ይድኔ» አለችኝ፣ ድምጿ ቀሎት፣ ልትስቅ ምንም ሳይቀራት። «ቁልፍህ!»

«የምን ቁልፍ?» አልኳት።